ማግኔት የያዘው ሽልንግ

ከቤቴ አጠገብ አንድ ወጣት የባትሪ መጠገኛ ከፍቷል። አብዛኛው ሥራው የባጃጅ ባትሪ ነው። ጠዋት ጠዋት አሲድ ሲቀዳ ሽታው አጥሩን አልፎ እኔ ሻይ የምጠጣበት ጥላ ሥር ድረስ ይመጣል። ሌላው ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያማርራል፤ እኔ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ያ ሽታ የወጣትነቴ ሽታ ነው። በዚያው ልክ አንድ የሠራሁትን ነገር ያስታውሰኛል፤ ለልጆቼ በቅጡ ነግሬያቸው የማላውቀውን። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ እንግዲህ ልናገረው።

ያን ጊዜ አሶሳ እንዲህ አልሰፋችም። ከመናኸሪያው ወደ መስጊዱ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ነበር፤ በበጋ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል። ማንጎ ሲደርስ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዱብ ዱብ ሲል ነበር የሚውለው። ለአንድ ሽልንግ፣ ለሃምሳ ሳንቲም፣ አምስት ማንጎ ይሰጡሃል፤ ሻጯ ደስ ካላት ስድስተኛ ትጨምርልሃለች። ሻይ ቤቶቹ ከኩርሙክ በኩል የመጣ የሱዳን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮሃሉ፤ ቃሉ ባይገባንም ዜማውን ሁላችንም እናፏጨዋለን። የበርታ ሴቶች ቢጫና ውሃ ሰማያዊ ቶብ ተጠቅልለው፣ ሽማግሌዎቻቸው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ይመጣሉ። እኛ ሰፋሪዎቹ ደግሞ ኮንጎ ጫማና ካኪ ቁምጣ ነበር ዩኒፎርማችን። ማን ከየት እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ዛሬ ሁሉም ጂንስ ነው የሚለብሰው። ሽልንግማ ስሙም እየጠፋ ነው፤ ባለሱቁ መልስ ሲጎድለው ማስቲካ ይሰጥሃል፣ አንተም ሳትከራከር ኪስህ ትከተዋለህ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ከእናት ከአባቴ ጋር በሰፈራ መጥተን ባምባሲ አጠገብ ካለ መንደር ነው የገባነው። አባቴ መሬቱን ወደደው፤ እኔ ማረስ አልሆነልኝም። ጎረምሳ ስሆን አዲስ አበባ ሄድኩና መርካቶ ውስጥ አንድ የኒኬል መንከሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የመኪና መከላከያ፣ የብስክሌት መሪ፣ የአልጋ ጌጥ፣ ብቻ የሚያበራ ነገር ሁሉ እንለብጥ ነበር። ያስተማሩኝ አዛውንት ጣታቸው በአሲድ የተበላ፣ ንግግራቸው አጭር ነበር። “ልባጥ የሚበላሸው ገንዳው ውስጥ ሲገባ አይደለም፣ ከመግባቱ በፊት ነው” ይሉ ነበር። ብረቱ በደንብ ካልታጠበና ቅባት ከቀረበት፣ የታጠበውን እንኳ በባዶ ጣት ከነካኸው፣ ቆይቶ እዚያችው ቦታ ላይ ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል። የአየር አረፋ ከያዘ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ብስ ይቀራል፤ በዚያ ብስ ዝገት ይወጣል። ጠርዝ ላይ ልባጡ ከሳሳ ደግሞ መላላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰባት ዓመት እዚያ ሠርቼ አንድን ብረት አይቼ በሽታውን መናገር ለመድኩ።

ወደ አሶሳ ስመለስ የሚለበጥ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከጋሽ እንድሪስ ሱቅ ፊት ለፊት ብስክሌት መጠገኛ ከፈትኩ። አልፎ አልፎ በአንድ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ የብስክሌት መሪ እነክራለሁ። አንድ የዛገ መሪ እንደ መስታወት አብርቶ ሲወጣ ያየ ሰው “ኢንጂነር” አለኝ፤ ስሙ ቀረ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ኢንጂነር ሲባል አንገቱ ይረዝማል።

በዚያው ሰሞን ነው መሰለኝ አዲስ ሽልንግና ስሙኒ ወደ ከተማችን መግባት የጀመረው። መልኩ ያው ነው፤ በአንዱ በኩል የአንበሳው ራስ አለ። ግን በጣም ያበራል። ሁለት ዓመት ያህል ያለ ጥርጣሬ ከተገበያየንበት በኋላ አንድ ሰው ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣው ማግኔት ላይ ሽልንግ ቢያስጠጋ ተለጠፈበት። ድሮ የምናውቀውን ሽልንግ ማግኔት አይይዘውም። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ባምባሲ ደረሰ፤ የሐሰት ሽልንግ ገብቷል፣ ማግኔት ከያዘው ሐሰት ነው ተባለ። ባለሱቆች ሁሉ ማግኔት በሲባጎ አስረው ሚዛናቸው አጠገብ አንጠለጠሉ። ያኔ ሽልንግ ተራ ነገር አልነበረም፤ የድሃው ገንዘብ ሁሉ ሳንቲም ነው።

እማማ ሐዋ ማንጎና የደረቀ ባምያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ነበረች። መንደሯ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ሳንቲም ስትሰጣት አውራ ጣቷን ፊቱ ላይ ታንሸራትትና ጠርዙን በጥፍሯ ትዳስሳለች። አንድ ጊዜ የሰጠኋትን ሽልንግ መለሰችልኝ።

“ይሄ ታሟል” አለች። “ቁስል አለው። ሌላ ስጥ።”

አየሁት። የአንበሳው ጎፈር ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ እብጠት አለች። እኔ በዓይኔ ያላየኋትን እሷ በጣቷ አገኘቻት። ሳቅኩና ሌላ ሰጠኋት፤ ነገሩንም እዚያው ረሳሁት።

ማክሰኞ ቀን ነው፣ ጋሽ እንድሪስ ከሱቁ ሆኖ ጠራኝ። ጋሽ እንድሪስም እንደኛው ከወሎ የመጣ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ክፉ የማያውቅ ሰው ነበር።

“ኧረ ኢንጂነር፣ ና እስቲ ወንድሜ! ጉድ መጥቶብኛል!”

ስገባ እማማ ሐዋ ባንኮኒውን ይዛ ቆማለች። ከፊቷ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ሁለት የማንጎ ወቅት ያጠራቀመችውን ሽልንግና ስሙኒ አልጋዋ ሥር ቀብራ ኖሮ አውጥታ አምጥታዋለች። ነቀምቴ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ ይገፍፋሉ ተብሎ ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አንድ አይሱዙ ከአሶሳ በሽተኞች አሳፍሮ ይሄዳል። ሾፌሩ የሳንቲም ጣሳ አልቀበልም ስላላት በብር ልታስዘረዝር ነው የመጣችው። ጋሽ እንድሪስ ጣሳውን ትሪ ላይ ገልብጦ ማግኔቱን ቢያሳልፍበት ሽልንጎቹ እንደ ንብ መንጋ ተንጠላጠሉበት።

ሰው ተሰብስቧል። ሞረዴን ይዤ አንዱን ጠርዙ ላይ ሞረድኩት፤ ከነጩ ልባጥ ሥር ግራጫ ብረት ወጣ። ሌላው አብጧል፤ በመርፌ ብወጋው ቆዳው ተከፈተና ቡናማ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ። አንዳንዱ ጠርዙ ተላልጧል፣ አንዳንዱ ቡራቡሬ ሆኗል። የማውቀው ሙያ ነው። ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው።

“ይሄ ልባጥ ነው” አልኩ። “ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩን ብቻ ነው ኒኬል የነከሩት። የነከረውም ሰው ሥራ አያውቅም፤ ሳያጥብ ነው የነከረው።”

እውነት ነበር የተናገርኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሰው የሰማው ግን ሐሰተኛ ገንዘብ ነው የሚል ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበር የገባኝ። መንግሥት ራሱ ብረት ለብጦ ሽልንግ ያወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

“ኒኬል የሚያውቀው ሰው ራሱ መሰከረ” አለ አንዱ ከኋላ።

እማማ ሐዋ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። “ወላሂ፣ እኔ ሌባ አይደለም። ፉሉሱ፣ ገንዘቡ፣ የማንጎ ነው፣ ሁለት ክረምት። ኢንጂነር፣ አንተ ማንጎ ገዝቶ የለም? አንተ የሰጠው እዚህ ውስጥ አለ!”

ሞረዴን ጠርጌ ኪሴ ከተትኩ። ፖሊስ ተጠራና እሷንም ጣሳዋንም ይዞ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ እስከ ጣቢያው ሸኝቷት እያለቀሰ ተመለሰ። እየተወሰደች “ሐሙስ መኪና አለ፣ ሐሙስ መኪና አለ” ትል ነበር አለኝ።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከቀትር በፊት፣ ለደንበኛ የምመልሰው ሳንቲም ላመጣ ወደ ባንክ ሄድኩ። ገንዘብ ከፋይዋ ታየች የምትባል የቡለን ልጅ፣ ሺናሻ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ቀልድ የማታበዛ። የሰጠችኝን ሽልንግ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት። ኪሴ ውስጥ የኩሽኔታ ቢሊያ የምለቅምበት ትንሽ ማግኔት ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሳወጣው ሽልንጎቹ እላዩ ላይ ተጣብቀዋል።

“ታየች፣ ይሄ ከየት ነው የመጣው?”

“ከማዕከል ነዋ። ከረጢቱ ይኸውልዎት፣ ዛሬ ጠዋት ነው የፈታሁት።”

“ማግኔት ይዞታል እኮ!”

“አዲሱን ሁሉ ይይዘዋል” አለች፣ እንደ ተራ ነገር። “ብረት ተለብጦ ነው አሁን የሚሠራው። ስንት ጊዜ ተናገርን፣ ማን ይሰማል? ገበያው የራሱን ሕግ አውጥቷል።”

ለምኛት ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ባንኮኒው ላይ በተነችልኝ። ሁሉም አዲስ፣ የሰው እጅ ያልነካው። ከመሃሉ አንዱ ጠርዙ ላይ ልባጡ አልደረሰውም፤ አንዱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ አንዱ የአንበሳው ግንባር ላይ አብጧል። ደህና ደህናውም ሁለት ዓመት እርጥብ መሬት ውስጥ፣ የማንጎ ጭማቂ ከነካው ሳንቲም ጋር ቢቀበር፣ የእማማ ሐዋን ሽልንግ ይሆናል። በደንብ ገባኝ። ረቡዕ ነው፣ እኩለ ቀን አልሆነም፣ መኪናው የሚሄደው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው።

ከባንኩ ስትወጣ ፖሊስ ጣቢያው በግራ ነው፣ የእኔ ሱቅ በቀኝ። ወደ ቀኝ ሄድኩ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ለራሴ ለመንገር ሞክሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቸርኬው የተጣመመበት ሰው መጣ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ እስኪመሽ ይዤው ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት “ተሳስቻለሁ” ማለት ሞት መሰለኝ። ኢንጂነርነቴ ልትሄድብኝ ነው። አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች አልኩ። ስለ መኪናው እያወቅኩ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ አልኩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሄድኩ። መርማሪው ሳጅን ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነበር። የመጣሁበትን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

“ማክሰኞ ሐሰት ነው ያልከው አንተ ነህ። ዛሬ እውነት ነው የምትለውም አንተ ነህ። የቱን ልጻፍ?”

“አይዩኝ፣ ሳንቲሙን ይዩ” አልኩት።

ከጣቢያው ማዶ ወርቅ የሚገዛ ነጋዴ ነበር፤ ሚዛኑን አስመጣን። ከባንክ ያመጣሁትን አሥር ሽልንግ በአንድ በኩል፣ ከጣሳው ብዙ ያልዛገ አሥር ሽልንግ በሌላ በኩል አስቀመጥን። ሚዛኑ እኩል ቆመ። ከዚያ ሳጅኑን መስኮት አጠገብ ወስጄ ያበጠውን አሳየሁት። “እብጠቱን ይዩት። የጎፈሩ መስመር እላዩ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል፤ ልባጡ ውስጥ ለውስጥ ለቅቆ ነው የተነሳው እንጂ ሥዕሉ ያው ነው። ብረት አቅልጦ በቅርጽ የሚያፈስ ሌባ ቢሠራው መስመሩ ይደበዝዛል፣ የጠርዙ ጥርሶች እኩል አይሆኑም። እነዚህን በጥፍርዎ ይቁጠሯቸው።” ሳጅኑ በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ታየችን አስጠራ፣ እሷም መጥታ ያንኑ ተናገረች። እኔ ፈረምኩ።

እማማ ሐዋን አወጧት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጣሳው አይደለም።

“መኪናው?”

ሳጅኑ “ጠዋት ሄዷል፣ እናቴ” አላት።

ጆሮዋን ወደ እኛ አዘንብላ “ኢንጂነር አለ?” አለች።

“አለሁ፣ እማማ።”

“ዛሬ ነው ያወቀው?”

“አዎ” አልኳት። “ዛሬ ነው።”

“አላህ ይስጥህ” አለችኝ። ልታመሰግነኝ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

ሐኪሞቹ እንደገና የመጡት ከዓመት በኋላ ነው። ያን ዓመት ሙሉ መንደሯ እመላለስ ነበር። ሽልንጎቿን ታየች ዘንድ ወስጄ በብር ለወጥኩላት፤ የሸመል አጥሯን አደስኩ፤ ባሏን አብዱራህማንን ሁለት ጊዜ በብስክሌት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እግሩ የሚያብጥ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ እንፋሎቱ ቡን የሚል የካርከዴ ሻይ ይቀዳልኝና ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። እየከሳ ሄደ። “ፊቱ አንሷል ይላሉ” አለችኝ አንድ ቀን፤ “እኔ ጣቴ ነው የሚያየው፣ ጣቴ አጥንት ነው የሚያገኘው።” መንደሩ ደግ ሰው ነው ይለኝ ጀመር። ደግነት አልነበረም። አብዱራህማን በበጋው መጨረሻ ላይ ሞተ፤ ሁለተኛው መኪና ከመምጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። አምስት ዓመት ያላየችውን ፊት ዳግም ሳታየው ቀረች።

ነቀምቴ ከልጇ ጋር ሄደች። ከተመለሰች በኋላ አንድ ጠዋት ብቻዋን፣ ያለ ምርኩዝ፣ ያንን ቀይ መንገድ አቋርጣ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጎማ እየነፋሁ ነበር። አሻግራ እኔን አልፋ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

“ኢንጂነር የት ሄደ?”

“እኔ ነኝ እኮ፣ እማማ።”

ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። “አንተ? እኔ ሽማግሌ ነው ብሎ ነበር! እንዲህ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው፣ ሽማግሌ ነው አልኩ። ፀጉርህ ጥቁር ነው! ልጅ ነህ! ልጅ ይሳሳታል፣ ምን ይደረጋል።”

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ጎማውን አስቀምጬ ነገርኳት። ረቡዕ ከቀትር በፊት እንዳወቅኩ፣ በቀኝ በኩል እንደሄድኩ፣ ያንን ቸርኬ፣ ሳጅኑ ፊት “ዛሬ ነው” ያልኳትን፤ ሁሉንም። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። አዲሶቹ ዓይኖቿ ጥቁርና ጥርት ያሉ ነበሩ፤ ከፊቴ አልነቀለቻቸውም።

ከዚያ “ያ ቀን የእኔ ብቻ አይደለም” አለች። “የአብዱራህማንም ነው። አንተ ለእኔ ተናገረ። ለእሱም ይናገር። ና።”

ሱቁን እንደተከፈተ ትቼ ተከተልኳት። መቃብሩ ከመንደሩ በላይ፣ ከማንጎ ዛፎቹ ባሻገር ነው። አፈሩ ገና አልጠጠረም። እሷ ጫማዋን አወለቀች፣ እኔም አወለቅኩ። “ተናገር” አለችኝ። ለሞተ ሰው፣ አማርኛ በቅጡ ለማያውቅ ሰው፣ ተናገርኩ። መጀመሪያ አፍሬ ቃል የሚያጥረኝ መስሎኝ ነበር፤ ወዲያው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ፣ ምክንያት እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ፣ ረጅም ሆነብኝ። እሷ ጣልቃ አልገባችም። ስጨርስ ወደ አፈሩ ጎንበስ አለችና በበርታ ቋንቋ ነገረችው። እኔ ያን ያህል ያስረዘምኩትን እሷ በሦስት ወይ በአራት ቃል ጨረሰችው።

ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። ቀና ብላ ጫማዋን አደረገች፤ የገበያ ቀን ስለነበር ቁልቁል አብረን ወረድን።